ጡሩምባው የማይሰማበት ቤት



በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ላይ አባላት እንደየችሎታቸው ይጽፋሉ። የዘንድሮው ኮሚቴ እኛንም «እርስዎም አንድ ነገር ይጻፉልን እንጂ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ መዝገቡን የያዙት እርስዎ አይደሉም ወይ?» ቢለን እምቢ ማለት አልቻልንም። ትምህርታችን እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም የጽሕፈት ሥራ ዕድሜያችንን ሙሉ የሠራነው ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ጡረታ እስክንወጣ ድረስ፣ በእድራችን ደግሞ ከ1977 እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ።

የምንጽፈው ልጆቻቸው መስማት ስለተሳናቸው፣ ወይም ልጆቻቸው በሌላ የአካልና የአእምሮ ጉዳት ምክንያት ያለ ረዳት መንቀሳቀስ ስለማይችሉ ወላጆች ነው። ይህ ከእድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አባል አይጠፋም። እኛም ድሮ እንደዚያ ነበር የምንለው። እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምረው።

በ1976 ዓ.ም. አንድ የእድራችን አባል ዐረፉ። ጡሩምባው ሌሊት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ወንበሩ ተደረደረ፤ ንፍሮው ተጣደ፤ ገንዘብ ያዡም የሚገባውን ቆጥሮ አስረከበ። ሟቹ ስምንት ዓመት የሆነው ወንድ ልጅ ነበራቸው። ይህ ልጅ በአራት ዓመቱ ማጅራት ገትር ይዞት ነፍሱ ብትተርፍም ጆሮው መስማት አቁሞ ነበር። ያን ዕለት ከቤት ወደ ድንኳን፣ ከድንኳን ወደ ቤት ሲመላለስ ዋለ። የአባቱን ጋቢ ከመስቀያው አውርዶ ለእያንዳንዳችን እያሳየ፣ አፍ አፋችንን እያየ ይጠይቀን ነበር። ከመቶ የማናንስ ሰዎች ነበርን፤ አንዳችንም የምንመልስለትን አላወቅንም። አንዱ ዳቦ ሰጠው፣ ሌላው ራሱን ዳሰስ አድርጎ አለፈ።

እናቱ በለቅሶው መካከል ተነሥታ ሁለት እጅዋን ከጉንጭዋ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያም ወደ መሬት አመለከተች። በቤታቸው ያላቸው ምልክት ይኸው ብቻ ነበር። ልጁ ታዲያ አባቴ ተኝቷል፣ ይነሣል ብሎ ጋቢውን ይዞ ለብዙ ቀን በር ላይ ይቀመጥ እንደነበረ ኋላ ነግራናለች። እድራችን በዚያን ቀን ደንቡ የሚያዘውን ሁሉ ፈጽሟል፤ አንድም የጎደለ አልነበረም። ደንቡ ግን ስለዚያ ልጅ የሚለው ነገር አልነበረውም።

የጥንቱ ነገር

በአገራችን መስማት የማይችለውን ሰው «ደንቆሮ» ማለት የተለመደ ነበር። ይኸው ቃል ምንም የማያውቅ ሰው መሳደቢያም ነው። አንድ እናት ልጅዋ ጆሮው አይሰማም ለማለት ስትፈልግ ልጄ አያውቅም ያለች ያህል ይሆንባት ነበር። «መስማት የተሳናቸው» የሚለው አነጋገር የገባው ኋላ ነው፤ ጥሩ አደረገ። አንዳንድ ሰው «ስም ቢለወጥ ምን ይረባል» ይላል። የሚረባውን የሚያውቀው የተሰደበው ነው።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። በቤተ ክህነት ትምህርት ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ቦታ ነበረው። ትምህርቱ በቃል ስለሚሰጥ መምህሩ ሲያወርደው በጆሮው እየተቀበለ ዜማውንም ቅኔውንም ተምሮ መሪጌታ እስከመሆን የደረሰ ብዙ ነው። መስማት ለተሳነው ልጅ ግን ያው የቃል ትምህርት በሩ ዝግ ነበር። ፊደል የሚቆጠረው በጩኸት ነው፤ ዳዊት የሚደገመው በአፍ ነው። ስለዚህ ልጁ ዓይኑና እጁ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚያስተምረው አጥቶ ከብት ጠባቂ ወይም የቤት ተላላኪ ሆኖ ይቀር ነበር።

ወላጆችስ? «ምን በድለው ነው?» ይባሉ ነበር። ቡዳ ነው፣ እርግማን ነው፣ ምች ነው ይባላል። ጥፋቱ ሁልጊዜ ወደ እናትየዋ ይዞራል። እናት ልጅዋን አዝላ ከጠበል ጠበል ትዞራለች፤ ያላትን ትጨርሳለች፤ ባልም ጥሎ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እንግዳ ሲመጣ ልጁ ወደ ጓዳ ይገባል። ይህ ከጭካኔ የመጣ አይመስለንም፤ ከሰው ዓይንና ከሰው አፍ ለማዳን ነው። ነገር ግን ልጁ በተደበቀ ቁጥር ጎረቤት አያውቀውም፤ ጎረቤት ካላወቀው ደግሞ የሚያግዝ አይኖርም።

አብዛኛው ጉዳት የመጣው እኛም ልጆች ሳለን ሰው ሁሉ ከሚያውቃቸው በሽታዎች ነው። ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ የጆሮ መግል፣ የልጅነት ልምሻ፣ እንዲሁም የረዘመ ምጥ ናቸው። ማጅራት ገትር በ1973 እና በ1981 ዓ.ም. በአገራችን ከባድ ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቶ ነበር። ከዚህ በሽታ ከሚተርፉት መካከል ጆሮአቸው የሚጠፋ አሉ። ሕፃናትን የመከተቡ መርሐ ግብር በአገር ደረጃ የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። ዱሮ ልጆቻችንን ሽባ ያደርግ የነበረው የልምሻ ቫይረስ፣ ማለት የተፈጥሮው ዓይነት፣ ከአፍሪካ መጥፋቱ የተረጋገጠው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ይኸን ስናስብ እርግማን ሲባል የኖረው ስንቱ በክትባት የሚቀር ኖሯል ያሰኛል።

ትምህርት ቤቶቹና ማኅበሩ

መስማት ለተሳናቸው ልጆች በአዲስ አበባ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ሲሆን፣ ይኸውም አሜሪካውያን ሚስዮናውያን መካኒሳ ላይ ያቋቋሙት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አልፋ የተባለው ትምህርት ቤት ተከተለ። በ1970ዎቹ ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሆሳዕና ላይ ከፈተች። አካላቸው ለተጎዳ ልጆች እንግሊዛዊው የአየር ኃይል ሰው ሌናርድ ቼሻየር በስሙ ያቋቋመው በጎ አድራጎት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 በአገራችን ሥራ ጀመረ፤ በመናገሻ ያለውን ማዕከሉን ብዙ ሰው ያውቀዋል። በልጅነት ልምሻ እግራቸው የሰለለ ልጆች በብረት ድጋፍና በክራንች ተነሥተው ቆመዋል።

መስማት የተሳናቸው ሰዎች ራሳቸውም ዝም ብለው አልተቀመጡም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በእነዚያው ዓመታት የአማርኛ ፊደል በጣት የሚጻፍበት ዘዴ ወጣ። ይህን ያየ ሰው ይደነቃል። ለእያንዳንዱ የፊደል ዘር አንድ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ሀ ለብቻው፣ ለ ለብቻው፣ መ ለብቻው እያለ ይሄዳል። ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ። በአንድ ቅርጽ ሰባት ድምፅ ይጻፋል ማለት ነው። እኛ በልጅነታችን በአለንጋ የቆጠርነውን ሀሁ ልጆቹ በጣታቸው ይቆጥሩታል። የምልክት ቋንቋው ራሱ የራሱ ሰዋስው ያለው ሙሉ ቋንቋ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ጀምሯል።

ይሁንና ትምህርት ቤቶቹ ጥቂቶች ነበሩ፤ ሩቅ ነበሩ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ልጅ ትምህርት ቤት ገብቶ ቋንቋ ይማራል፤ ለክረምት ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያናግረው የለም። እናቱ ያን ቋንቋ አልተማረችም፤ ማንም አላስተማራትም። ልጅዋ ብዙ አውቆ መጥቶ ለእስዋ ሊነግራት አይችልም። የዚህን ነገር ኀዘን አንድ እናት ስትነግረን «ልጄን ለሰው አገር የዳርኩት መሰለኝ» ነበር ያለችው።

መንግሥትም ቢሆን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971፣ በትእዛዝ ቁጥር 70 አካል ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም ድርጅት መሥርቶ ነበር። ትእዛዙ አካል ጉዳተኛ የሚለው በጤናው ጉድለት ምክንያት ኑሮውን ማሸነፍ የማይችልና የሚረዳው ሰው የሌለውን ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ «የሚረዳው ሰው የሌለው» ነው የሚለው። እናት ያለው ልጅ ረዳት አለው ተብሎ ይታለፋል። እናትየዋን ማን ይረዳል የሚለውን ግን የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕግ ወጥቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን ስለመርዳት ይናገራል፤ በ2000 ዓ.ም. የሥራ ስምሪት መብታቸው በአዋጅ ቁጥር 568 ተደነገገ፤ በ2002 ዓ.ም. አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጸደቀች። ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊት ልጅዋን የምታገላብጥ እናት ዘንድ አዋጅ አንኳኩቶ አይገባም፤ አንኳኩቶ የሚገባው ጎረቤት ነው።

በእጃችን የጻፍነው

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። እድር በአዲስ አበባ የተስፋፋው በጠላት ወረራ ዘመንና ከዚያ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። ከየአገሩ ተሰዶ የመጣ ሰው ወገን በሌለበት ከተማ ቢሞት ማን ይቀብረኛል ብሎ ያቋቋመው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው። ታዲያ ሸክሙን ለማካፈል ሁሉም መገኘት አለበት፤ ያልተገኘ ይቀጣል። ደንቡ ለምን እንዲህ ሆነ አንልም፤ ያለ ቅጣት እድር አይቆምም።

እኛ ጸሐፊ በነበርንበት ጊዜ አንዲት እናት አባል ነበረች። ልጅዋ በምጥ ብዛት ተጎድታ የተወለደች፣ ራስዋን ችላ የማትቀመጥ፣ የሚጥል በሽታም ያለባት ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ነበረች። እናትየዋ ብቻዋን ናት። ጡሩምባው ሲነፋ ልጅቱን ለማን ትታ ትሂድ? ይዛት እንዳትሄድ ደግሞ ልጅቱ ከባድ ናት፤ ሰዉም ያያል። ስለዚህ ትቀራለች። እኛም ስም ስንጠራ «ቀሪ» ብለን እንጽፋለን። ለአንድ ቀሪ 2 ብር ቅጣት ነበር። እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ቅጣትዋን ትከፍል ነበር። አንድም ቀን ምክንያቷን አልተናገረችም፤ እኛም አንድም ቀን አልጠየቅናትም። ቤትዋ ከእኛ ቤት አምስት አጥር አይርቅም ነበር።

በ1982 ዓ.ም. ቅጣቱ ተጠራቅሞ መክፈል አቃታት። ደንቡ ሦስት ጊዜ ማስጠንቀቂያ የተጻፈለት አባል ይሰረዝ ይላል፤ ሦስቱንም የጻፍነው እኛ ነን፤ ስሟንም በቀይ ቀለም የሰረዝነው እኛው ነን። በማግሥቱ ዓመት ልጅቱ ሞተች። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ሦስት ጎረቤቶችና አንድ ቄስ ሆነው ቀበሯት። እኛ የሰማነው በሁለተኛው ቀን ስኳር ልንገዛ ሱቅ ስንሄድ ነው። ብንሄድ ምን ብለን እንሄዳለን ብለን አፍረን ቀረን። እናትየዋም ጥቂት ቆይታ ሠፈሩን ለቀቀች። ይቅርታ ሳንጠይቃት ሄደች። መዝገቡ ዛሬም በእድሩ ሣጥን ውስጥ አለ፤ ማንም ሊያየው ይችላል።

በዚያ መዝገብ ላይ ከስምዋ ትይዩ ያለውን «ቀሪ» ስንቆጥረው ሃያ ሦስት ሆኖ አገኘነው። ሃያ ሦስት ጊዜ ከልጅዋ አጠገብ ነበረች ማለት ነው።

ወላጆች የከፈቱት በር

እስካሁን የተናገርነው የሚያሳዝነውን ነው። ግን ሌላም ታሪክ አለ። በ1980ዎቹ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያላቸው ልጆች ወላጆች ተሰባስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ከእነርሱም ኋላ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የተባሉ እናት ልጃቸው ኦቲዝም እንዳለበት ባወቁ ጊዜ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የተባለውን ማዕከል ከፈቱ። እኚህ ሴት ዛሬ በሕይወት የሉም። ነገር ግን በአደባባይ «ይህ ልጄ ነው» ብለው መቆማቸው ብዙ እናቶችን ከጓዳ አውጥቷል። ወላጅ ሌላ ወላጅ ሲያይ ብቻዬን አይደለሁም ይላል፤ ይህ ደግሞ ከመድኃኒት አያንስም።

የዓለም ጤና ድርጅትም ቢሆን ከ1970ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሃድሶ የሚባለውን አሠራር ሲያስፋፋ ቆይቷል። አሠራሩ ቀላል ነው። ልጁን ከቤቱ አውጥቶ ሩቅ ማዕከል ከማስቀመጥ ይልቅ፣ የሠለጠነ ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ እናቱንና ወንድም እኅቶቹን ያስተምራል። ልጁ እንዴት ይቀመጥ፣ እንዴት ይመገብ፣ እንዴት ይገላበጥ፣ መስማት የማይችለውስ በምን ምልክት ይጠየቅ የሚለውን ያሳያል። ቼሻየርን ጨምሮ በአገራችን በዚህ መንገድ የሠሩ ድርጅቶች አሉ። ትልቁ ነገር የጎረቤት ተሳትፎ ነው፤ ጎረቤት ካልተቀበለ አሠልጣኙ ሲሄድ ሥራውም አብሮ ይሄዳል።

እድር ከቀብር ሌላ ሥራ የለውም ለሚለውም መልስ አለን። በ1990ዎቹ ዓ.ም. በኤድስ ምክንያት ቀብር በቀብር ላይ በመጣብን ጊዜ ብዙ እድሮች ደንባቸውን ቀየሩ። ሳይሞት እንርዳው ብለው በሽተኛ መጠየቅ፣ ወላጅ አልባ ልጆችን መደገፍ ጀመሩ። ያን ጊዜ ደንብ አይፈቅድም ያለ ነበር፤ ሆኖም ደንብ የሚቀየረው በጠቅላላ ጉባኤ ነውና ተቀየረ። የሰማይ ሕግ አይደለም።

ጋቢውን ይዞ በር ላይ ይቀመጥ የነበረው ልጅስ? እናቱ ተሯሩጣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አስገባችው፤ ተምሮ የኤሌክትሪክ ሥራ ያዘ፤ አገባ። በ1996 ዓ.ም. የእድራችን አባል ሆነ። ከዚያማ ሁለት ጊዜ «ቀሪ» ተባለ። ለምን? ጡሩምባ አይሰማማ! ለሦስተኛው ስብሰባ አንድ ወረቀት ይዞ መጣ፤ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ጡሩምባ አልሰማም። በአጥሬ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ተክያለሁ። ጡሩምባ ነፊው ሲያልፍ ይጫነው፤ አምፖሉ ከራስጌዬ ይበራል።» ስብሰባው በሙሉ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «እኛ ማሰብ የነበረብንን እሱ አስቦ መጣ» አሉ። ቅጣቱ ተሰረዘለት። ዛሬማ በሞባይል መልእክት ይደርሰዋል፤ ያቺ ማብሪያ ማጥፊያ ግን እስካሁን አጥሩ ላይ አለች።

የምንጠይቀው

ስለዚህ ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ አራት ነገር እናቀርባለን።

1. ያለ ረዳት ሊተው የማይችል ልጅ ወይም ቤተሰብ ያለው አባል ቢቀር «ቀሪ» ተብሎ እንዳይጻፍና እንዳይቀጣ።

2. እንደዚህ ያለ አባል ለቅሶ መድረስ ቢፈልግ ከየምድቡ አንድ ተረኛ ሄዶ ለሁለት ሰዓት ከልጁ ጋር እንዲቀመጥ። ይህ ተራ እንደ ድንኳን ተካይ ተራ ይቆጠርለት። ተረኛው ከእናቱ ጋር አስቀድሞ ይተዋወቅ፤ ልጁ በድንገት በማያውቀው ሰው እጅ አይውደቅ።

3. ከየምድቡ ሁለት ወጣቶች የምልክት ቋንቋ እንዲማሩ ከእድሩ ገንዘብ ይከፈልላቸው። በኀዘን ቤት መስማት የተሳነው ሰው ካለ፣ የሆነውን ሁሉ አጠገቡ ሆነው ይንገሩት። ያ ልጅ እንደጠየቀን የሚጠይቅ ሌላ ልጅ መልስ አጥቶ አይቅር።

4. ያለ አግባብ የተሰረዙ አባላት ካሉ ከመዝገቡ ተፈልገው፣ በሕይወት ያሉት ይቅርታ ተጠይቀው ያለ መመዝገቢያ ክፍያ እንዲመለሱ።

በአራተኛው ላይ እኛ ራሳችን ፈላጊ ለመሆን ዝግጁ ነን። ያቺን እናት የት እንዳለች የሚያውቅ አባል ካለ እባካችሁ አድራሻዋን ንገሩን። ዕድሜያችን እየገፋ ነው፤ እስዋም እኛን ሳታክል አትቀርም። እንደ እድር ሽማግሌ ሳይሆን እንደ ጥፋተኛ ሆነን እንሄዳለን።

በጽሑፋችን ውስጥ ስሕተት ቢኖር እርማት እንቀበላለን። አምላክ እድራችንን ይጠብቅልን።